ከኋላ ተገጭተው አንገትዎ ሲታመም፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሔው

መኪና ከኋላው ሲገጭ ወንበሩ የተሳፋሪውን ጀርባ ወደፊት ይገፋዋል፤ ጭንቅላት ግን ለቅጽበት ባለበት ይቀራል። ከሰከንድ አንድ አሥረኛ በማይበልጥ ጊዜ ውስጥ የአንገት የታችኛው ክፍል ወደኋላ፣ የላይኛው ደግሞ ወደፊት ይታጠፍና ጭንቅላት ቀጥሎ ወደኋላ ከዚያም ወደፊት ይወረወራል። ሐኪሞች ዊፕላሽ የሚሉት ጉዳት የሚመጣው በዚህ መንገድ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚጎዱት ከአከርካሪ አጥንቶች ጀርባ ያሉት ትናንሽ መገጣጠሚያዎች፣ እነርሱን የሚያቅፉት ጅማቶችና በዙሪያቸው ያሉት ጡንቻዎች እንጂ አጥንቱ ራሱ ወይም ሕብለ ሰረሰር አይደለም።

በካናዳ የኩቤክ ግዛት የተቋቋመ የባለሙያዎች ቡድን እ.ኤ.አ. በ1995 ይህን ጉዳት በደረጃ ከፍሎታል። አንደኛው ደረጃ ሕመምና መገተር ብቻ ያለበት ነው፤ በሁለተኛው የአንገት እንቅስቃሴ ይቀንሳል፣ ሲነኩትም የሚያም ቦታ ይገኛል፤ በሦስተኛው የነርቭ ምልክት ይታከላል፤ አራተኛው ስብራት ወይም ውልቃት ነው። ቀጥሎ በቤት ውስጥ ስለሚደረገው እንክብካቤ የሚነገረው ሁሉ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ደረጃዎች የሚመለከት ነው።

ምልክት፦ እጅ ወይም እግር መስነፍ፣ መደንዘዝ፣ ሽንት አለመቆጣጠር፣ የአንገት አጥንቱ መሃል ላይ ከባድ ሕመም

እነዚህ የስብራት ወይም የሕብለ ሰረሰር ጉዳት ምልክቶች ሊሆኑ ስለሚችሉ ተጎጂውን ከመኪናው ጎትቶ ማውጣት፣ ቀና በል ብሎ ማስቀመጥ ወይም አንገቱን ለመሞከር ማዞር አይገባም። መኪናው እሳት ካልያዘ ወይም ሌላ ቅርብ አደጋ ከሌለ ጭንቅላቱን ባለበት ሁኔታ በሁለት እጅ ደግፎ ይዞ አምቡላንስ መጠበቅ ይሻላል፤ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። ራሱን የሳተ፣ ደጋግሞ የሚያስመልሰው ወይም ግራ የተጋባ ሰውም እንዲሁ ሳይዘገይ ወደ ድንገተኛ ሕክምና ክፍል መድረስ አለበት።

ዕድሜው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ፣ እጅና እግሩን የሚነዝረው፣ መኪናው የተገለበጠበት ወይም ከመኪናው ተወርውሮ የወጣ ሰው ሕመሙ ቀላል ቢመስለው እንኳ ሳይመረመር ወደ ቤቱ መሄድ የለበትም። ሐኪሞች ራጅ ወይም ሲቲ ስካን ማዘዝ አለማዘዛቸውን የሚወስኑት እነዚህን ነጥቦች ከጠየቁና፣ አደጋ የሚያመለክት ነገር ካላገኙ በኋላ፣ ተጎጂው ራሱ አንገቱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ 45 ዲግሪ ማዞር መቻሉን ካዩ በኋላ ነው።

ምልክት፦ በግጭቱ ሰዓት ምንም አልነበረም፤ በማግስቱ ግን አንገቴ አልዞር አለ

መንስኤው የተለጠጠው ጅማትና ጡንቻ እብጠት ቀስ ብሎ መጨመሩ፣ በግጭቱ ጊዜ የነበረው ድንጋጤም ሕመሙን ሸፍኖት መቆየቱ ነው። ከጥቂት ሰዓታት እስከ ሁለትና ሦስት ቀን መዘግየቱ የተለመደ ስለሆነ ብቻውን የከፋ ነገር ምልክት አይደለም። ነገር ግን «ደህና ነኝ፣ ሂዱ» ተባብሎ ከተለያዩ በኋላ ሕመሙ ሲመጣ ለማስረዳት ይቸግራልና ግጭቱን ማስመዝገብ፣ የመጀመሪያውን የምርመራ ወረቀትም ማስቀመጥ ይጠቅማል፤ የመድን ጥያቄ ከተነሳ መጀመሪያ የሚፈለገው እርሱ ነው።

ለሕመሙ ፓራሲታሞል አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ጤነኛ አዋቂ ሰው በየ6 ሰዓቱ ከ500 ሚሊግራም እስከ 1 ግራም ሊወስድ ይችላል፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ግን ከ4 ግራም ማለፍ አይገባም፣ የጉበት ችግር ያለበት ወይም አልኮል የሚያዘወትር ሰው ደግሞ ከዚህ ያነሰ እንዲታዘዝለት ሐኪም ይጠይቅ። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ይሠራሉ፤ ሆኖም ጨጓራ የሚያመው ሰው በበዛበት አገራችን «አንድ መርፌ ውጋኝና ልሂድ» የሚለው ልማድ ብዙዎችን ለሌላ ሕመም የሚዳርግ ነው። ዳይክሎፌናክ በመርፌ ቢሰጥም ጨጓራን ከመጉዳት አይመለስም። በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ወይም በሞቀ ውሃ የተነከረ ፎጣ ለ15 ደቂቃ ያህል ማድረግም ያስታግሳል፤ ከሁለቱ የሚስማማዎትን ይምረጡ።

ምልክት፦ አንገት ደርቋል፣ ዞር ለማለት መላ ሰውነትን ማዞር ግድ ሆኗል

ጡንቻዎቹ የተጎዳውን መገጣጠሚያ ለመከላከል ራሳቸውን ያጠብቃሉ፤ ባለቤቱ ደግሞ ሕመሙን ፈርቶ አንገቱን ጨርሶ አያንቀሳቅሰውም። ያልተንቀሳቀሰ መገጣጠሚያ ይበልጥ ይደርቃል፣ የደረቀው ሲነካ ይበልጥ ያማል። ስለዚህ ስብራት አለመኖሩ ከታወቀ በኋላ ዋናው መድኃኒት እንቅስቃሴ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ አንድ የስዊድን ጥናት፣ በግጭቱ ማግስት ባሉት ቀናት አንገታቸውን ቀስ እያሉ ደጋግመው ማንቀሳቀስ የጀመሩ ሰዎች ዕረፍትና ለስላሳ ኮላር (በአንገት ዙሪያ የሚታሰር መደገፊያ) ከታዘዘላቸው ይልቅ ከስድስት ወር በኋላ የተሻለ ሁኔታ ላይ እንደነበሩ አሳይቷል።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ጀርባዎን ቀና አድርገው ወንበር ላይ ይቀመጡና ትከሻዎን ዝቅ ያድርጉ፤ ብዙ ሰው አንገቱ ሲያመው ትከሻው ወደ ጆሮው መውጣቱን አያስተውልም። አገጭዎን ወደ ቀኝ ትከሻዎ አቅጣጫ ቀስ ብለው ያዙሩት፤ መሳብ ሲጀምር ያቁሙ፣ በኃይል አይግፉት። ወደ መሃል ይመለሱና ወደ ግራ ይድገሙት። በእያንዳንዱ ጎን እስከ 10 ጊዜ፣ ነቅተው ባሉበት ሰዓት በየሰዓቱ ያህል ያድርጉት፤ ወደ ቢሮ ከተመለሱ ከኮምፒውተር ቀና ባሉ ቁጥር ማድረግ ይቻላል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሳያጎነብሱ አገጭን ቀጥ አድርጎ ወደኋላ መሳብና ለአምስት ሰከንድ ያህል መያዝን ይጨምሩ። ካደረጉት በኋላ ሕመሙ ትንሽ ጨምሮ በግማሽ ሰዓት ገደማ ከረገበ ችግር የለውም፤ እስከ ማግስት የሚቆይ ከሆነ መጠኑን ይቀንሱ እንጂ አያቋርጡ።

ሲተኙ አንድ ትራስ ይበቃል፤ በሆድ መተኛት አንገትን ሌሊቱን ሙሉ ጠምዝዞ ስለሚያሳድር ለጊዜው ይተውት። ኮላር ምቾት ቢሰጥም ቀኑን ሙሉ ለሳምንታት ከታሰረ ጡንቻውን ያሰንፈዋል። ትከሻዎ ላይ ዞረው ኋላዎን ማየት እስኪችሉ ድረስ መኪና አይንዱ።

ስለ ወጌሻ ደግሞ በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። ለጣት ወይም ለቁርጭምጭሚት ወለምታ ሰው ወጌሻ ዘንድ ቢሄድ አልከራከርም፤ አንገት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ያልታየ ስብራት ያለበትን አንገት በድንገት ጠምዝዞ ቋ ማድረግ ሕብለ ሰረሰርን ሊጎዳ፣ በአከርካሪው ውስጥ አልፎ ወደ አንጎል ደም የሚያደርሰውንም ቧንቧ ሊቀድ ይችላል። ጉዳቱ በሐኪም ከታየ በኋላ ትከሻንና ማጅራትን በለስላሳ እጅ ማሸት ግን አይከለከልም።

ምልክት፦ «ራጁ ንጹህ ነው» ተብዬ ሕመሙ አልተወኝም

ራጅ የሚያሳየው አጥንትን ነው፤ ጅማትና ጡንቻን በአግባቡ አያሳይም። ንጹህ ራጅ «ስብራት አልታየም» ማለት እንጂ «ጉዳት የለም» ማለት አይደለም፤ የነርቭ ምልክት ከሌለ ደግሞ ኤምአርአይ (ነርቭንና ሌሎች ለስላሳ አካላትንም የሚያሳይ ምርመራ) ለማሠራት ብዙ ገንዘብ ማውጣት የሕክምናውን አቅጣጫ እምብዛም አይለውጠውም።

ምልክት፦ ከማጅራት ተነስቶ ወደ ግንባር የሚመጣ ራስ ምታት

የላይኛው አንገት መገጣጠሚያዎችና ከራስ ቅሉ ሥር ያሉት ትናንሽ ጡንቻዎች ሕመማቸውን ወደ ጭንቅላት ስለሚያስተላልፉ ነው። ከላይ የተገለጸው አገጭን ወደኋላ የመሳብ እንቅስቃሴ በተለይ ለዚህ ይረዳል። ማስታገሻን በወር ውስጥ ከ10 እስከ 15 ለሚደርሱ ቀናት መውሰድ ራሱ ራስ ምታት ስለሚያመጣ በየቀኑ መዋጥን ልማድ አያድርጉት።

ምልክት፦ ማዞር፣ የዓይን ብዥታ፣ ሲሄዱ የመንገዳገድ ስሜት

አንገት ጭንቅላት የት አቅጣጫ እንዳለ ለአንጎል የሚነግሩ ብዙ ነርቮች አሉት፤ ሲጎዳ መልእክቱ ዓይንና ጆሮ ከሚሉት ጋር አይገጥምም። በዓይንዎ ትክክል ግድግዳ ላይ ምልክት ለጥፈው ዓይንዎን ከምልክቱ ሳያነሱ ጭንቅላትዎን ቀስ እያደረጉ ወደ ግራና ቀኝ ማዞር ይህን ስሜት ቀስ በቀስ ያስተካክለዋል። ሆኖም ማዞሩ ከዚህ በፊት ከማያውቁት ከባድ የአንድ ጎን የአንገት ሕመም፣ ከአንደበት መተሳሰር፣ ከዓይን ሽፋን መውደቅ ወይም ነገሮችን ሁለት አድርጎ ከማየት ጋር ከመጣ የደም ቧንቧ መቀደድ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይሂዱ።

ምልክት፦ ወደ ክንድና ጣት የሚወርድ መንዘር

ከአንገት የሚወጣ ነርቭ ተነክቷል ወይም በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ዲስክ ተጭኖታል ማለት ሊሆን ይችላል። ዕቃ ከእጅ የሚያመልጥ ወይም ቁልፍ መቆለፍ የሚያቅት ከሆነ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይመርመሩ፤ ኤምአርአይ ዋጋ የሚኖረው እዚህ ላይ ነው።

ምልክት፦ ሦስት ወር አለፈ፣ ሕመሙ ግን እንዳለ ነው

ከፍተኛው መሻሻል የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ወራት ሲሆን፣ ከተጎዱት ግማሽ ያህሉ ከዓመት በኋላም የተወሰነ ሕመም ይሰማቸዋል። ይህ ማስመሰል አይደለም፤ የሕመም ሥርዓቱ ራሱ ስሜቱ ጨምሮ ቀድሞ የማያመው ነገር እንዲያመው ስለሚሆን ነው። ወደዚህ የመድረስ ዕድላቸው ሰፊ የሆነው ከመጀመሪያው ብርቱ ሕመም የነበራቸው፣ «ከእንግዲህ አልድንም» ብለው ያመኑና የግጭቱ ድምፅ በእንቅልፋቸው የሚመላለስባቸው ሰዎች ናቸው። ለእነዚህ ሌላ ራጅ ከማንሳት ይልቅ አንገትንና ትከሻን ደረጃ በደረጃ የሚያጠነክር ፊዚዮቴራፒ፣ ቅዠቱና ፍርሃቱ ካለም የሥነ ልቦና ባለሙያ ይጠቅማሉ። ትራማዶል የተባለውን ጠንካራ ማስታገሻ ለወራት መቀጠል ግን ሱስን እንጂ ፈውስን አያመጣም።

ዳግመኛ እንዳይጎዱ፦ የጭንቅላት መደገፊያው

በብዙ የቤት መኪኖች ላይ መደገፊያው እስከ ታች ወርዶ ማጅራት ላይ ይቀራል፤ እንዲህ ሲሆን ጭንቅላት በላዩ ላይ ወደኋላ እንዲታጠፍ ያደርጋል። ጫፉ ቢያንስ ከጆሮ የላይኛው ጫፍ፣ ቢቻል ከራስ አናት ጋር እኩል እንዲሆን ከፍ ያድርጉት፤ ከጭንቅላትዎ ጀርባ ያለው ርቀትም ከአራት ጣት ስፋት እንዳይበልጥ የወንበሩን ጀርባ ቀና ያድርጉ። በሚኒባስ ታክሲ ወንበሩ አጭር ከሆነና መደገፊያ ያለው ሌላ ቦታ ከተገኘ ረጅም ለሆነው ሰው ያንን ይስጡት።