«እንደ አገራችን የለም» ሲባል እንዴት እናድምጥ?

የመሪዎችን ንግግር አትሜ፣ እርሳስ ይዤ ነው የማነበው። በተለይ አንድን አገር ከዓለም ሁሉ ለይቶ የሚያወድስ ሲሆን እጠነቀቃለሁ። እንዲህ ያለው ንግግር ጆሮ ደስ ያሰኛል፤ ደስ ስላለንም ብዙ ነገር ሳይጠየቅ ያልፋል። ምሳሌዎቼ ከአሜሪካ ናቸው፤ ዓመቶቹም በአውሮፓውያን አቆጣጠር።

መጀመሪያ ሙገሳው ምን ለማስፈቀድ እንደመጣ ፈልጉ። በ1998 የወቅቱ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ማዴሊን ኦልብራይት አሜሪካ ዓለም ያለእሷ የማይሆንላት አገር ናት ብለው ነበር። ከሌሎች አገሮች ይልቅ ወደፊቱን አርቀን እናያለን ሲሉም አክለዋል። ጉዳዩ ግን ኢራቅን በጦር ኃይል መምታት ነበር። እዚህ ላይ ሙገሳውን በእርሳስ እሰርዝና የቀረውን ደግሜ አነባለሁ። ኃይል ለመጠቀም የቀረበው ምክንያት አሁንም ያሳምናል? ካላሳመነ፣ ቅድም ያሳመነኝ ኩራቱ ነበር ማለት ነው። ሌላውን ሁሉ ብትተዉ ይህችን አትተዉ፤ የሰው ሕይወት ያለበት ጉዳይ ነው።

የተጠቀሰ አባባል ካለ ደግሞ ምንጩ ድረስ ሂዱ። «በተራራ ላይ ያለች ከተማ» የሚለውን ከማቴዎስ ወንጌል እናውቀዋለን። በ1630 ጆን ዊንትሮፕ ከእንግሊዝ ወደ አሜሪካ ይመራቸው ለነበሩት ሰፋሪዎች የተናገረው ለማስጠንቀቅ ነው፤ የሰው ሁሉ ዓይን እኛ ላይ ነው፣ አምላካችንን ከከዳን መተረቻ እንሆናለን ነው ያላቸው። ፕሬዚዳንት ሬገን በ1989 የስንብት ንግግራቸው ያቺኑ ከተማ የምታበራ አድርገው በኩራት ሣሏት። ማስጠንቀቂያው የት ገባ?

መልስ ሲጠቀስም እስከ መጨረሻው አንብቡ። ኦባማ በ2009 አሜሪካ ከሌሎች የተለየች አገር መሆኗን አምናለሁ፣ እንግሊዞችና ግሪኮችም ስለ አገራቸው እንደዚሁ እንደሚያምኑ እገምታለሁ ብለው ነበር። ብዙ ተቺዎች እዚያው ላይ ቆሙ። እሳቸው ግን ቀጥለው ስለ ሕገ መንግሥቱ፣ ስለ ኢኮኖሚውና ስለ ጦር ኃይሉ ተናግረዋል።

አሁን ወደ ሕዝብ አስተያየት። «ሕዝቡም እንዲህ ያምናል» ከተባለ ከመቶኛው በፊት ጥያቄውን ፈልጉ። በ2010 የሕዝብ አስተያየት የሚሰበስበው ጋሎፕ የተባለ ድርጅት፣ አሜሪካ በታሪኳና በሕገ መንግሥቷ ምክንያት ከዓለም ታላቋ አገር የሚያደርጋት ልዩ ባሕርይ አላት ወይስ የላትም ብሎ ጠየቀ። 80 በመቶው አላት አለ። በ2011 ፒው የምርምር ማዕከል ሦስት ምርጫ ሰጠ፦ ከሁሉም በላይ ናት፣ ከታላላቆቹ አንዷ ናት፣ የሚበልጧት አሉ። «ከሁሉም በላይ» ያለው 38 በመቶ ብቻ ሆነ፤ 53 በመቶው «ከታላላቆቹ አንዷ» አለ። በአንድ ዓመት ውስጥ ሕዝቡ አልተገለበጠም። መሃል ላይ ያለ መልስ ሲያገኝ ያንን መረጠ እንጂ። ፖለቲከኛው የትኛውን ቁጥር እንደሚያነሳ መገመት አይከብድም።

ለውጥን ማወቅ ከፈለጋችሁ አንድ ተቋም ያንኑ ጥያቄ በተለያየ ዓመት ሲጠይቅ አነጻጽሩ። ጋሎፕ በአሜሪካዊነታቸው «እጅግ በጣም» የሚኮሩትን ሲጠይቅ በ2003 70 በመቶ፣ በ2022 ደግሞ 38 በመቶ አግኝቷል። እነዚህን ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይቻላል፤ የጋሎፕን 80 ከፒው 38 ጋር ግን አይቻልም።