በአሮጌ ሰፈር የትኛው ቤት ቀድሞ እንደሚወድቅ እንዴት ይታወቃል?

ሰፈሩን ስትዞሩ ዓይናችሁ ቀድሞ የሚያርፈው በተቀረጸው በርና በሰገነቱ ላይ ነው። አደጋውን ለማወቅ ግን ቀና ብላችሁ ጣሪያውን፣ ጎንበስ ብላችሁ የግድግዳውን እግር እዩ። በድንጋይና በጭቃ ወይም በኖራ የተገነባን ቤት በአብዛኛው የሚጥለው ውሃ ነው፤ መግቢያውም እነዚሁ ሁለት ቦታዎች ናቸው።

ለየቤቱ ካርታ ላይ ቁጥር ስጡት። የተሠራበትን ቁሳቁስ፣ የጣሪያውንና የአሸንዳውን ሁኔታ፣ ሰው ይኑርበት አይኑርበት መዝግቡ። ፎቶው ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ ይነሳ፣ ቀኑም ይጻፍበት።

ስንጥቅ ሁሉ እኩል አያስፈራም። ፀጉር የምታህለው ብዙ ጊዜ የልስኑ ብቻ ናት። ከመስኮት ጥግ ተነስቶ በሰያፍ ቁልቁል የሚወርደው መሠረቱ በአንድ ወገን መስመጡን ይጠቁማል። ማዕዘን ላይ ቀጥ ብሎ ወጥቶ ከላይ የሚሰፋው ደግሞ ጣሪያው ግድግዳውን ወደ ውጭ እየገፋው ሊሆን ይችላል። እየሰፋ መሆኑን ለማረጋገጥ በስንጥቁ ግራና ቀኝ፣ ድንጋዩን ሳይሆን በድንጋዮቹ መካከል ያለውን ማያያዣ ጭቃ ወይም ኖራ መርጣችሁ፣ ትንንሽ ምስማር ምቱና በመካከላቸው ያለውን ርቀት በየወሩ በሚሊሜትር ለኩ። ቢያንስ አንድ ዓመት ይፈጃል፤ ሸክላማ አፈር በዝናብ ሲያብጥ፣ በበጋ ሲሟሽሽ ስንጥቁ ይከፈታል፣ ይዘጋል። የሚያሰጋው ተከፍቶ የማይመለሰው ነው። ከዚያ በፊት መድፈን ማስረጃውን ማጥፋት ነው።

ያዘመመ ወይም ያበጠ ግድግዳን በቱንቢ፣ ማለትም ጫፉ ላይ ክብደት በተንጠለጠለበት ክር፣ ለኩ። ያበጠውን በትንሽ መዶሻ ቀስ አድርጋችሁ አንኳኩት፤ ባዶ ድምፅ ከሰጠ የውጩና የውስጡ ድንጋይ ተለያይቶ ሊሆን ይችላል። ይህ ሳያስጠነቅቅ ሊናድ ስለሚችል ሥሩ አትቁሙ፤ ነዋሪውንም ከዚያ ወገን አርቁ። የወራጁን ጫፍ፣ ግድግዳ ውስጥ የገባውን፣ በወስፌ ውጉት፤ ጤነኛ እንጨት ይመልሳል፣ የበሰበሰው ይውጣል። በግድግዳው ላይ የጭቃ መስመር ካያችሁ ምስጥ ነው።

ጥበቃው በርካሹ ይጀምራል፤ የተከፈተውን ጣሪያ በሸራ ወይም በቆርቆሮ ሸፍኑ፣ አሸንዳውን ጥረጉ፣ ግድግዳው ሥር የተከመረውን አፈር አንሱና ውሃው ወደ ውጭ እንዲፈስ አድርጉ። መሠረቱን ገልጣችሁ ግን አትቆፍሩ። የእንጨት ድጋፍ ስታቆሙ ከሥሩ ወፍራም ሳንቃ አንጥፉ፣ ካለዚያ አፈሩ ውስጥ ይሰምጣል።

ብዙ ቤት የሚያበላሸው ግን በቅን ልብ የተለሰነ ስሚንቶ ነው። ከአሮጌው ማያያዣ ይጠነክራል፣ እርጥበትም በቀላሉ አያሳልፍም፤ የታመቀው ውሃ ጨው እያወጣ የድንጋዩን ፊት ያረግፈዋል። በምትኩ አንድ እጅ ኖራ በሦስት እጅ የተበጠረ አሸዋ ለውሱ፤ ፀሐይ ሳያገኘው ለቀናት እርጥብ ይሁን። አጥብቆ የያዘውን የድሮ ስሚንቶ በግድ አታላቅቁ፣ ድንጋዩን ይዞ ይመጣል።

ቅደም ተከተሉን ውበት አይወስን። ሰው የሚኖርበትና ግድግዳው የሚንቀሳቀስ ቤት ይቅደም፣ ቀጥሎ ጣሪያው ክፍት የሆነ ባዶ ቤት። «አይጠገንም፣ ይፍረስ» የሚል ውሳኔ ሲመጣ ቀን ያለባቸውን ፎቶዎችና ልኬቶች አቅርቡ፤ በድንጋይና በኖራ ግንባታ የሠራ መሐንዲስም ዳግም እንዲያየው በጽሑፍ ጠይቁ። ኮንክሪት ብቻ የለመደ መሐንዲስ ጤነኛውን አሮጌ ግድግዳ ሳይቀር ሊጥለው ይችላል።