ሳይገጥም የቀረ የእጅ አንጓ ስብራት፦ ከቀዶ ሕክምናው በፊትና በኋላ ምን ማድረግ ይገባል?

በተዘረጋ እጅ ላይ ወድቀው «ወለምታ ነው» ተብሎ የታለፈ ሕመም፣ ከወራት በኋላም ከአውራ ጣትዎ ሥር ያለውን ጎድጓዳ ስፍራ ሲጫኑት የሚሰማዎ ከሆነ፣ ስካፎይድ የተባለው ትንሽ የእጅ አንጓ አጥንት ተሰብሮ ሳይገጥም ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ይህ አጥንት ደሙን በአብዛኛው የሚያገኘው ወደ ጣቶች ባለው ጫፉ በኩል ገብተው ወደ ክንድ ከሚመለሱ የደም ሥሮች ስለሆነ፣ ስብራቱ ወደ ክንድ በቀረበ መጠን በዚያ በኩል የሚቀረው ቁራጭ ደም አጥቶ የመሞት ዕድሉ ይጨምራል። 6 ወር አልፎት ያልገጠመ ስብራት በጀሶ ብቻ ይድናል ተብሎ እምብዛም አይጠበቅም፤ ወጌሻ ዘንድ መታሸት ደግሞ የተላቀቁትን ጫፎች ከማንቀሳቀስ ያለፈ ፋይዳ የለውም።

የቀዶ ሕክምናው ዓይነት በራጅ ብቻ እንዳይወሰን ሐኪምዎን ይጠይቁ። ሲቲ ስካን አጥንቱ ጎብጦ ማጠሩን፣ ኤምአርአይ ደግሞ ቁራጩ ደም ማግኘት አለማግኘቱን ለማወቅ ይረዳል። የሚያጨሱ ከሆነ ከሳምንታት አስቀድመው ያቁሙ፤ በእኔ አስተያየት በታካሚው እጅ ካለው ነገር ሁሉ ይህን የሚያህል የለም።

በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ሐኪሙ በስብራቱ መካከል የበቀለውን ጠባሳ ጠርጎ፣ የሞተውን አጥንት ጤናማው እስኪታይ ድረስ ከፋቀ በኋላ፣ ክፍተቱን ከክንድ አጥንት ጫፍ ወይም ከዳሌ በተወሰደ አጥንት ይሞላዋል። ስካፎይዱ ጎብጦ ከሆነ የሽብልቅ ቅርጽ ያለው ቁራጭ ገብቶ ርዝመቱን ይመልስለታል። ሁሉንም የሚይዘው ብዙውን ጊዜ ራስ የሌለው ብሎን ነው፤ አውስትራሊያዊው ሐኪም ቲሞቲ ኸርበርት ከባልደረባቸው ጋር በ1984 እ.ኤ.አ. ጥናት ያሳተሙበት ይህ ብሎን፣ በሁለቱ ጫፎቹ ያሉት ጥርሶች ርቀታቸው የተለያየ በመሆኑ ሲጠብቅ ስብርባሪዎቹን እርስ በርስ ያቀራርባል፤ ራስ ስለሌለውም ከአጥንቱ ገጽ በታች ተቀብሮ ይቀራል። ቁራጩ ደም ካጣ ከነደም ሥሩ የሚተከል አጥንት ሊመረጥ ይችላል። መገጣጠሚያው ክፉኛ ከተበላ ግን ስብራቱን ማስገጠም ትርፉ ድካም ነው፤ ስካፎይዱን አውጥቶ የቀሩትን አጥንቶች ማጣበቅ እንቅስቃሴን ቢቀንስም ሕመሙን ያስታግሳል።

አጥንት ከዳሌ ከተወሰደ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከእጅዎ ይልቅ ዳሌዎ ሊያምዎ ስለሚችል አይደንግጡ። እጅዎን ከፍ አድርገው ጣቶችዎን ያንቀሳቅሱ፤ ከደነዘዙ ወይም ቀለማቸው ከተለወጠ ወዲያውኑ ወደ ሐኪም ይመለሱ። ጀሶው ለሳምንታት፣ አንዳንዴም እስከ 3 ወር ይቆያል። ሕመሙ መጥፋቱ መግጠሙን ስለማያረጋግጥ፣ ከባድ ነገር ማንሳት የሚጀምሩት ሲቲ ስካኑ አጥንት ከአጥንት መያያዙን ካሳየ በኋላ ነው።