ውሮ ፍራሽ ላይ መሽናት ያቆመችው እንዲህ ነው

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ከገባን ወዲህ ድመታችን ውሮ አሸዋዋን ትታ የልጆቹ ፍራሽ ላይ መሽናት ጀመረች። መጀመሪያ የእንስሳት ሐኪም ጋ ወሰድኳት። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ካለባት ሌላው ልፋት ሁሉ ከንቱ ነው። ደህና ነች ተባለ። (በነገራችን ላይ፣ ወንድ ድመት እያማጠ ሽንቱ እምቢ ካለው ለነገ አትበሉ፤ ወዲያው ይዛችሁት ሩጡ።)

ከዚያ አንድ ሌሊት ነቅቼ አየኋት። የአሸዋ ሳፋዋ መታጠቢያ ቤት፣ ከውሃ በርሜሉ አጠገብ ነበር። እኛ ብሎክ ደግሞ ውሃ የሚመጣው በሌሊት ነው። ውሮ አንድ እግሯን አሸዋው ላይ እንዳሳረፈች ውሃው በርሜሉ ውስጥ ፏ ብሎ ወረደ። ጆሮዋን አጣጥፋ ፈረጠጠች። አንጀቴን በላችው። ለካ ፈርታ ነው!

ሳፋውን ጸጥ ወዳለው የበረንዳ ጥግ አዛወርኩት። አሸዋውን በወንፊት ነፍቼ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ሞላሁ። ጠዋትና ማታ እጠርግላታለሁ። ፍራሹን በበረኪና ማጠብም ተውኩ፤ ከሽንት ጋር ሲገናኝ ጎጂ ጋዝ ያወጣል። በአቼቶና በውሃ አጥቤ፣ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሼ ፀሐይ ላይ አወጣሁት። ትንሽ ሽታ ከቀረበት ተመልሳ እዚያው ነው የምትሸናው።

ይኸው 3 ሳምንት ሆነን፤ ፍራሹ ደረቅ ነው።