አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ላመጣው ተጨማሪ ሥራ ክፍያ እንዴት ይጠየቃል?

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን፣ የግል ትምህርት ቤት ውስጥ 7ኛና 8ኛ ክፍል አጠቃላይ ሳይንስ አስተምራለሁ። ይህን የምጽፈው እንደኔ በግል ትምህርት ቤት ለተቀጠራችሁ ነው። የመንግሥት መምህር የራሱ ሕግ አለው። የእኛው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው።

አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በ2015 ዓ.ም ሥራ ላይ ሲውል የሙያና ተግባር ትምህርት መጣ። ክወናና እይታ ጥበባትም መጣ። እኛ ጋ ግን መምህር አልተቀጠረም። «ሳይንስ አይደለሽ፣ ሙያና ተግባሩንም ያዢው» ተባልኩ። መጽሐፉን በስልክ ፒዲኤፍ ማንበብ፣ ዕቅዱን ከዜሮ መጻፍ፣ የተማሪ ፕሮጀክት ማረም፣ ማርክ ሊስት መሙላት የኔ ሆነ። ደመወዙ ያው ነው። ይሄ ልክ አይደለም፣ ዝም ሊባልም አይገባም።

መጀመሪያ ሥራችሁን ለሁለት ክፈሉት። በመደበኛ ሰዓታችሁ ውስጥ የተጨመረ ክፍለ ጊዜ አለ፤ ከሰዓቱ ያለፈም አለ። ሕጉ መደበኛ የሚለው በቀን እስከ 8፣ በሳምንት እስከ 48 ሰዓት ነው። ከዚያ በታች ያለውን ጭማሪ «ትርፍ ሰዓት» ብላችሁ ብትጠይቁ ወዲያው ይጥሉታል። እሱ የሚጠየቀው በቅጥር ውላችሁ ነው። ውሉን አውጡና የትምህርቱ ዓይነትና የክፍለ ጊዜው ብዛት ተጽፎ እንደሆነ እዩ። ከተጻፈ ትልቅ ነገር ይዛችኋል። ካልተጻፈ በሚቀጥለው ውል ላይ ይስፈር፣ ከዚህ በላይ ለሚጨመር ለእያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ ይህን ያህል ይከፈላል ተብሎ።

ከሰዓት ያለፈው ሒሳቡ ግልጽ ነው። 48ን በ52 ሳምንት አባዝታችሁ ለ12 ወር ስታካፍሉ በወር 208 ሰዓት ይመጣል። ደመወዛችሁን ለ208 አካፍሉ። ለምሳሌ 8,320 ብር ከሆነ ሰዓቱ 40 ብር ነው። ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ የሚሠራ ትርፍ ሰዓት በአንድ ተኩል ይባዛል፣ 60 ብር። በሳምንት ዕረፍት ቀን እጥፍ ነው፣ 80 ብር። በሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል እጥፍ፣ 100 ብር። ትርፍ ሰዓቱ ራሱ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም።

ዋናው ነገር ግን ትእዛዙ ነው። በራሳችሁ ፈቃድ አምሽታችሁ ብትሠሩ ትርፍ ሰዓት አይባልም፤ አሠሪው ማዘዝ አለበት። ትእዛዙንና የሠራችሁትን ሰዓት መመዝገብም የሱ ግዴታ ነው። እናንተም የራሳችሁን ያዙ። እኛ ጋ ከሙቀቱ የተነሳ 1፡30 እንገባለን፤ የአንድ ሰዓት ምሳ ሲወጣ 8ቱ ሰዓት 10፡30 ላይ ያልቃል። ደብተሬ ላይ እንዲህ ነው የምጽፈው፦

«ማክሰኞ፣ ከ10፡30 እስከ 12፡30፣ የ7ኛ ቢ ሙያና ተግባር ፕሮጀክት እርማት፣ ያዘዘው ምክትል ርዕሰ መምህር፣ በቴሌግራም።»

በአፍ ከታዘዛችሁ የዚያኑ ዕለት አጭር መልእክት ላኩ፦ «ጋሼ፣ ዛሬ እንዳሉኝ እርማቱን እስከ 12፡30 ቆይቼ እጨርሳለሁ።» «እሺ» ብሎ ከመለሰ ማስረጃ ነው። እርማት ቤት ወስዶ ሌሊት መሥራት ግን ይቅርባችሁ አቦ። ማን አይቶት ይከፈላል? እዚያው ትምህርት ቤት ሠርታችሁ ውጡ።

በወሩ መጨረሻ ደምሩና በደብዳቤ ጠይቁ። ቀሪው ላይ «ደርሶናል» አስፈርሙ። ብቻችሁን አትግቡ፤ ሌሎቹም ተጨምሮባቸዋል። 10 ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ሠራተኞቹ የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም ይችላሉ። ማኅበር ካለ የክፍለ ጊዜ ጣሪያውም ዋጋውም ማኅበሩ ከአሠሪው ጋር በሚፈራረመው ኅብረት ስምምነት ውስጥ ይገባል። እኔ ከሁሉም በላይ የማምነው በዚህ ነው። ውል ሲያልቅ ብቻውን የሚደራደር መምህር ይፈራል፤ ልጆች ያሳድጋል፣ የቤት ኪራይ አለበት።

አሁን ደግሞ ይቺን በደንብ ያዙ። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፣ ጊዜው አልፎበታል ተብሎ ይቀራል ማለት ነው። «ሰኔ ላይ እናየዋለን» የሚባለው ቀጠሮ የመስከረምንና የጥቅምትን ሒሳብ ይበላዋል። በቃል ተስፋ መስጠታቸው ይርጋውን አያቆመውም። ዕዳውን በጽሑፍ ካመኑላችሁ ያቋርጠዋል። አንፈርምም ካሉ ደብተሩን፣ ውሉንና የቴሌግራሙን ስክሪንሾት ይዛችሁ የሠራተኛ ጉዳይ የሚመለከተው የከተማችሁ አስተዳደር ቢሮ ሂዱ፣ የመጀመሪያው ወር ክፍያ 6 ወር ሳይሞላው።