ከባሕር ዳር ወደ ጢስ ዓባይ፦ ለሁለት ሰዎች የአንድ ቀን የሞተር ሳይክል ጉዞ መመሪያ

ከባሕር ዳር በስተ ደቡብ ምሥራቅ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ በሞተር ሳይክል ደርሰው ለመመለስ ለሚያስቡ ጥንዶች የተመቸ ነው፤ ጠዋት ተነሥቶ፣ ፏፏቴውን ዙሪያውን በእግር ተዘዋውሮ አይቶ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ከተማ መግባት ይቻላል። ነገር ግን የርቀቱ ማጠር ብዙዎችን ያዘናጋል። ማልደው ያልተነሡ፣ ለጭቃ ያልተዘጋጁ ወይም ውሃው በጎደለበት ወር የሄዱ ሰዎች ድካሙን እንጂ ፏፏቴውን ሳያዩ ይመለሳሉ። በእኔ አስተያየት የዚህ ጉዞ ስኬት የሚወሰነው በሞተሩ ጉልበት ሳይሆን ወሩን በመምረጥና ከኋላ ለሚቀመጠው ሰው በመጠንቀቅ ነው።

ስለ ወሩ እንጀምር። ፏፏቴው ከ37 እስከ 45 ሜትር እንደሚደርስ የሚገመት ከፍታ ያለው ሲሆን፣ ወንዙ ሲሞላ ስፋቱ እስከ 400 ሜትር ይደርሳል። ብዙዎቻችን አስቀድመን የምናውቀው በአንድ ብር ኖት ጀርባ ላይ የነበረውን ሥዕሉን ነውና፣ በበጋ ሄደው ከገደሉ ጫፍ ቀጭን ውሃ ሲወርድ የሚያዩ ሰዎች መከፋታቸው አይገርምም። ምክንያቱ ድርቁ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1964 ሥራ የጀመረው የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫና በ2001 የተጨመረው ሁለተኛው ማመንጫ ከፏፏቴው በላይ ያለውን ውሃ ይጠልፉ ነበር፤ በ2010 የተመረቀው የጣና በለስ ማመንጫ ደግሞ ከጣና ሐይቅ ምዕራብ በኩል ውሃውን በዋሻ ወደ በለስ ወንዝ ይወስዳል። ስለዚህ ወደ ፏፏቴው የሚደርሰው ውሃ መጠን በዝናቡ ብቻ ሳይሆን በጣና ሐይቅ መውጫ ላይ በሚለቀቀው ውሃ ጭምር የሚወሰን ነው።

ሐይቁ የክረምቱን ውሃ አጠራቅሞ ቀስ በቀስ ስለሚለቅ፣ የወንዙ ሙላት ከዝናቡ ብርታት ትንሽ ዘግየት ይላል። ይህ ለሞተረኛ ትልቅ ዕድል ነው፤ መስከረም ሲጋመስ ዝናቡ እየቀነሰ፣ መንገዱ እየደረቀ ሲሄድ ሐይቁ ግን ገና ሙሉ ነው። በመሆኑም ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ያሉት ሳምንታት ከሁሉም የተሻሉ ናቸው። ሐምሌና ነሐሴ ውሃው ብዙ ቢሆንም ለሁለት ሰው ጭነት የሚሆን መንገድ የሚገኝበት ጊዜ አይደለም፤ ከየካቲት እስከ ግንቦት ያለው ጊዜ ደግሞ መንገዱ ምቹ ቢሆንም ለፏፏቴው ሲባል የሚመረጥ አይደለም። የመስቀል በዓል ሰሞንና የእሑድ ቀናት ሰው ስለሚበዛባቸው፣ ፀጥታ የምትወዱ ከሆነ ማክሰኞን ወይም ሐሙስን ምረጡ።

ቀኑን ከቆረጣችሁ በኋላ በዋዜማው ልታጣሩት የሚገባ አንድ ጉዳይ አለ። በክልሉ ባለው የጸጥታ ሁኔታ ምክንያት መንገዶች የሚዘጉበት፣ በሞተር ሳይክል ላይም የእንቅስቃሴ ገደብ የሚጣልበት ጊዜ አለ። ስለዚህ በዚያ መስመር በየቀኑ ከሚመላለሱ ሹፌሮችና ከትራፊክ ፖሊስ ጠይቃችሁ፣ መልሱ አጠራጣሪ ከሆነ ጉዞውን ሳታመነቱ ለሌላ ቀን አስተላልፉት። መንጃ ፈቃድ፣ የባለቤትነት ደብተር፣ የዘመኑ ቦሎና የሦስተኛ ወገን መድን እንዲሁም የሁለታችሁም መታወቂያ በአንድ ውሃ በማያስገባ ከረጢት ውስጥ ተጠቅልለው ይያዙ፤ ኬላ ላይ በእርጥብ ኪስ ውስጥ ወረቀት መፈለግ ለማንም አይመችም።

ሞተር ሳይክሉን በተመለከተ፣ 125 ወይም 150 ሲሲ ጉልበት ያለው ሞተር ሁለት ሰው ይዞ ለዚህ መንገድ በቂ ነው። ይሁን እንጂ አንድ ሰው ብቻ ሲጭን የኖረ ሞተር ሁለተኛ ሰው ሲጨመርበት ጠባዩ ይለወጣል። የኋላ ጎማው ንፋስ አምራቹ ለሁለት ሰው በወሰነው ልክ መሞላት አለበት፤ ልኩ አብዛኛውን ጊዜ በካቴናው (በሞተሩ ሰንሰለት) መሸፈኛ ወይም በመመሪያ ደብተሩ ላይ ተጽፎ ይገኛል። የኋላ አሞርዛተሩ (ንዝረት መቀነሻው) የሚስተካከል ዓይነት ከሆነ አንድ ወይም ሁለት እርከን አጠንክሩት። ካቴናው ሁለት ሰው ሲቀመጥበት ይበልጥ ስለሚወጠር፣ ሁለታችሁም ተቀምጣችሁበት ሳለ ሌላ ሰው በእጁ ነክቶ ጥቂት ልል መሆኑን ያረጋግጥላችሁ። የፊትና የኋላ ፍሬን፣ ክላክስና ፍሬቻ ሁሉ በዋዜማው መፈተሽ አለባቸው። ቤንዚንም በዋዜማው ሙሉ፤ ለደርሶ መልሱ ሁለት ሊትር አካባቢ ቢበቃም በማደያ ያለው ሰልፍ የጠዋቱን ሰዓት ሊበላባችሁ ይችላል። ትርፍ ካንዴላ (የሞተሩ ማቀጣጠያ)፣ የጎማ መጠገኛ፣ አነስተኛ የእጅ መንፊያና የሞተሩ መፍቻዎች ከመቀመጫው ሥር ቢቀመጡ ከከተማው ወጥቶ ጎሚስታ (ጎማ ጠጋኝ) ፍለጋ ከመንከራተት ያድናሉ።

አለባበስን ብዙዎች እንደ ቀላል ነገር ያዩታል፤ በእኔ ዕይታ ግን ከሞተሩ ጥገና እኩል ክብደት የሚሰጠው ነው። ሄልሜት ለሁለቱም እኩል መሆን አለበት፤ ጥሩውን ነጂው አድርጎ የተሰነጠቀውን ለኋለኛው መስጠት ተገቢ አይደለም። ነጠላ፣ ረጅም ሻርፕና ሰፊ ቀሚስ ከኋላ ጎማና ከካቴና ጋር በቀላሉ ስለሚጠላለፉ ለመንገዱ በፍጹም አይሆኑም፤ ለፎቶ የሚለበስ የሐበሻ ልብስ ካለ በቦርሳ ተይዞ እዚያው ሲደረስ ይለበስ። ወፍራም ሱሪ፣ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ፣ ጓንትና ንፋስ የሚከላከል ጃኬት ይበቃል። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ በመሆኗ የጠዋቱ ንፋስ ቀዝቃዛ ነው፤ ከእኩለ ቀን በኋላ ግን ፀሐዩ ስለሚበረታ የሚወልቅ ልብስ ደርቦ መልበስ ይሻላል።

ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ማለትም ሁለት ሆኖ ወደ መንዳት፣ ስንመጣ በጉዞው ቀን ከመነሣታችሁ በፊት በሰፈር ውስጥ ጥቂት ተለማመዱ። ከኋላ የሚቀመጠው ሰው፣ ባልም ይሁን ሚስት፣ ነጂው ሁለት እግሩን መሬት ላይ አጽንቶ ፍሬኑን ይዞ “ውጣ” ወይም “ውጪ” ሳይል አይወጣም፤ የሚወጣውም በግራ በኩል ነው፤ በአብዛኞቹ ሞተሮች ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) በቀኝ በኩል ስለሚገኝ የጋለ ማርሚታ ባት ላይ የሚያሳርፈው ጠባሳ በቀላሉ አይጠፋም። ሁለቱንም እግር በአንድ ወገን አድርጎ በጎን መቀመጥ በከተማ የተለመደ ቢሆንም፣ ሚዛንን ስለሚያዛባና ድንገት ፍሬን ሲያዝ ሰውን ስለሚወረውር በዚህ ጉዞ አይሞከርም። እግሮች ሞተሩ ሲቆምም ጭምር ከመርገጫው ላይ አይነሡም።

በመታጠፊያ ላይ የኋለኛው ሰው ከነጂው ጋር አብሮ መዘንበል አለበት፤ የወደቀ መስሎት በተቃራኒው ወገን ቢያጋድል ሞተሩን ከመስመሩ የሚያስወጣው እሱ ራሱ ይሆናል። ቀላሉ ዘዴ መንገዱ በሚታጠፍበት ወገን በነጂው ትከሻ ላይ አሻግሮ ማየት ነው፤ ያን ጊዜ ሰውነት ሳያስበው ይከተላል። ነጂውም በበኩሉ ማርሽ ሲቀይር ፍሪሲዮኑን (ክላቹን) በለሆሳስ መልቀቅ፣ ፍሬን ሲይዝ ደግሞ ሁለቱን ፍሬኖች አብሮ፣ ቀስ በቀስና ከወትሮው ቀደም ብሎ መያዝ ይጠበቅበታል። ሁለት ሰው የጫነ ሞተር ለመቆም ረዘም ያለ ርቀት ይፈልጋልና። በንፋሱና በሄልሜቱ ምክንያት ንግግር ስለማይሰማ ምልክት ተስማሙ፤ ለምሳሌ ትከሻን አንዴ መታ ማድረግ “ቀስ በል” ወይም “ቀስ በይ”፣ ሁለቴ መታ ማድረግ “አቁም” ወይም “አቁሚ” ማለት ይሁን። “አቁም” ሲባል ነጂው ምክንያቱን ሳይጠይቅ ዳር ይዞ ይቆማል። ይህን ስምምነት የሚያፈርስ ነጂ ቀኑን ሙሉ የሚጎተት ጭቅጭቅ እንደገዛ ይቁጠረው።

ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ብትነሡ እየቆማችሁም ቢሆን እስከ 3 ሰዓት ድረስ ጢስ ዓባይ ከተማ ትደርሳላችሁ። ከባሕር ዳር ወጣ ሲባል መንገዱ በበቆሎና በጤፍ ማሳዎች መካከል ያልፋል፤ በመስከረም አደይ አበባው ዳር ዳሩን ይዞ ስለሚታይ ፎቶ ለማንሣት መቆም አይቀርም፤ ስልክን ግን በጉዞ ላይ ከኪስ ማውጣት አይገባም። በገበያ ቀን አህዮች፣ በጎችና ሸክም ያዘሉ ሰዎች መንገዱን ስለሚሞሉት ከሩቅ ክላክስ እያሰሙ በዝግታ ማለፍ ያስፈልጋል፤ እንስሳትን ግን አጠገባቸው ደርሶ በክላክስ ማስደንገጥ ወደ መሀል መንገድ ያስገባቸዋል። ጠጠር ወይም ጭቃ ባለበት ቦታ ፍጥነትን በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር በታች ማድረግ፣ ቤንዚኑን ሳያዋዥቁ እኩል መስጠትና የፊት ፍሬንን በኃይል አለመያዝ የግድ ነው። ቁልቁለቱ የሚያንሸራትት ከሆነ የኋለኛው ሰው ወርዶ ጥቂት ቢራመድ ክብር አይቀንስም፤ ሁለት ሆኖ ከመውደቅ ይሻላል።

ከተማዋ ስትደርሱ መጀመሪያ የመግቢያ ትኬት ቆርጣችሁ ሞተሩን ጥበቃ ባለበት ቦታ አቁሙ። መሪውን ቆልፉ፤ ሄልሜቶቹንም በሰንሰለት ከሞተሩ ጋር እሰሩ፤ ለጠባቂው የሚሰጠውን ገንዘብም አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። የአካባቢው አስጎብኚ መያዝ መልካም ነው፤ ክረምቱ የትኛውን መንገድ እንዳበላሸ የሚያውቀው እሱ ነው። ዋጋው ከመነሣታችሁ በፊት ይቆረጥ።

ወደ ፏፏቴው የሚያደርሱት ሁለት መንገዶች ናቸው። አንደኛው በሞተር ጀልባ ወንዙን ከፏፏቴው በላይ አቋርጦ ጥቂት በመራመድ የሚያደርሰው አጭር መንገድ ነው፤ ወንዙ በኃይል በሚሞላበት ጊዜ ግን ጀልባው ሊቆም ይችላል። ሁለተኛው በድንጋይ ድልድዩ በኩል የሚያልፈው ረጅሙ የእግር መንገድ ነው። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን እንደተሠራ የሚነገርለትና በተለምዶ የፖርቱጋል ድልድይ የሚባለው ይህ ድልድይ ወንዙ በጠባብ ገደል ውስጥ ተጨንቆ በሚያልፍበት ቦታ ላይ ይገኛል፤ ሰፊው ዓባይ ምን ያህል ሊጠብብ እንደሚችል ለማየት ከድልድዩ የተሻለ ቦታ የለም። ከድልድዩ በኋላ ዳገት አለ፤ ከዳገቱ በላይ ፏፏቴው ፊት ለፊት ይታያል፤ ወደፊት ሲቀጥሉ ደግሞ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሻግሮ ወደ ፏፏቴው ሥር መቅረብ ይቻላል። ጀልባው የሚሠራ ከሆነ በድልድዩ ሄዶ በጀልባ መመለስ ከሁሉም የሚሻል ዙር ነው፤ ዳገቱን ገና ጉልበት ሳለ ትጨርሱታላችሁ፣ የመልሱ መንገድም ሌላ ገጽታ ይኖረዋል። እየቆሙ ለሚያዩ ሰዎች ሦስት ሰዓት መመደብ ተገቢ ነው።

ወደ ፏፏቴው ስትቀርቡ የሚረጨው ውሃ ልብስ ያበሰብሳል። ስልክና ወረቀት በፌስታል ይጠቅለሉ፤ ጃኬቶቻችሁን ግን ለመልሱ መንገድ እንዳይረጥቡ አስቀድማችሁ አውልቁ። ቀስተ ደመና ለማየት ፀሐይን ከጀርባችሁ አድርጋችሁ ወደ ጭጋጉ ተመልከቱ፤ ካልታየ ጥቂት እርምጃ ወደ ጎን ሂዱ። እርጥቡ ሣርና ለስላሳው ድንጋይ እጅግ ስለሚያንሸራትቱ ለፎቶ ሲባል ወደ ገደሉ ጫፍ መጠጋት አይገባም።

ምሳን በተመለከተ፣ ቆሎ፣ ዳቦ፣ ሙዝና ለእያንዳንዱ ሰው ቢያንስ አንድ ሊትር ተኩል ውሃ ይዛችሁ ብትሄዱ ይበቃችኋል፤ የጣናን ዓሣ ባሕር ዳር ተመልሳችሁ ተረጋግታችሁ ብሉ። ቢራም እንዲሁ ሞተሩ ከቆመ በኋላ ይሁን።

ለመመለስ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ቢዘገይ 9 ሰዓት ላይ ተነሡ። የመልሱ መንገድ ወደ ሰሜን ምዕራብ ስለሚያመራ ከ10 ሰዓት በኋላ ዝቅ ያለችው ፀሐይ በቀጥታ የነጂውን ዓይን ትመታለች፤ በዚያው ሰዓት ከብቶች ወደ ቤት ስለሚነዱ ሁለቱ ሲገጣጠሙ አደገኛ ነው። ከእግር ጉዞው በኋላ የሚመጣው ድካምም የኋለኛውን ሰው እንቅልፍ ያስይዘዋል፤ ራሱ ከነጂው ጀርባ ጋር መጋጨት ከጀመረ ሳትውሉ ሳታድሩ ቆማችሁ ፊት መታጠብና ጥቂት መራመድ ያስፈልጋል። ቤት እንደገባችሁ ጭቃው ሳይደርቅ ሞተሩን እጠቡት፤ ካቴናውን አድርቃችሁ ዘይት ቀቡት፤ ለሁለት ሰው የጨመራችሁትን የጎማ ንፋስና ያጠነከራችሁትን አሞርዛተርም በማግሥቱ ብቻችሁን ከመንዳታችሁ በፊት ወደ ቀድሞ ልኩ መልሱት።