ወደ ጓናኋቶ እንዴት መሄድ ይቻላል፦ በአውቶቡስ ወይስ በአውሮፕላን?

ጓናኋቶ ስፔኖች ለብር ማዕድን ብለው ገደል ለገደል የገነቧት የመካከለኛው ሜክሲኮ ከተማ ናት። ከ1988 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። መንገደኛውን የሚያሳስተው የመንገዱ ርዝመት ሳይሆን ስሟ ነው፤ ጓናኋቶ የከተማዋም፣ የግዛቱም፣ የኤርፖርቱም ስም ነውና። ኤርፖርቱ ያለው ከተማዋ ውስጥ ሳይሆን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ሲላዎ የምትባል ከተማ አጠገብ ነው። ትኬት ላይ «ሌዎን» ወይም «ባሂዮ» ተብሎ ቢጻፍም ያው ኤርፖርት ነው፤ የኤርፖርቱ መለያ ኮድ ቢ ጄ ኤክስ (BJX) መሆኑን ብቻ ያረጋግጡ።

1. መጀመሪያ ቪዛና ትራንዚት

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው የሜክሲኮ ቪዛ ያስፈልገዋል። አዲስ አበባ የሜክሲኮ ኤምባሲ ስላለ ማመልከቻው እዚያው ይቀርባል። ጊዜው ያላለፈ የአሜሪካ፣ የካናዳ፣ የእንግሊዝ፣ የጃፓን ወይም የሸንገን ቪዛ ያለው ግን፣ እንዲሁም የነዚህ አገሮች ቋሚ መኖሪያ ፈቃድ የያዘ፣ ለጉብኝት ሌላ ቪዛ አይጠየቅም።

ብዙ ሰው ቦሌ ላይ የሚመለሰው በመድረሻው ሳይሆን በመሸጋገሪያው ምክንያት ነው። በአሜሪካ በኩል ለማለፍ፣ ከኤርፖርት ባይወጡም፣ የአሜሪካ ቪዛ ግድ ነው። በፍራንክፈርት ወይም በማድሪድ በኩል ከሆነ ደግሞ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የኤርፖርት ትራንዚት ቪዛ ከሚጠየቅባቸው አንዱ ነው (የአሜሪካ ቪዛ ወይም ግሪን ካርድ ካለ ይቀራል)። ይህ ሁሉ ለሌለው ሰው ቀላሉ መንገድ ኢስታንቡል ነው፤ ከዚያ የቱርክ አየር መንገድ በቀጥታ ሜክሲኮ ሲቲ ይበራል።

2. የትኛው ይሻላል?

መነሻዎ ዳላስ ወይም ሂውስተን ከሆነ አይጠራጠሩ፤ ከሁለቱም ወደ ቢ ጄ ኤክስ ቀጥታ በረራ ስላለ ሜክሲኮ ሲቲን መርገጥ አያስፈልግም። መጀመሪያ የሚያርፉት ሜክሲኮ ሲቲ ከሆነ ግን አውቶቡስ ይሻላል። በረራው 1 ሰዓት ያህል ቢሆንም፣ ከውጭ የመጣ መንገደኛ ሻንጣውን ተቀብሎ፣ ጉምሩክ አልፎ፣ እንደገና አስረክቦ ነው የአገር ውስጥ በረራ የሚይዘው። ለዚህ ከ3 ሰዓት ያላነሰ ይተዉ። ከሲላዎ ወደ ከተማዋ ያለው መንገድ ሲጨመርበት ከአውቶቡሱ 5 ሰዓት ብዙም አይለይም።

በአውሮፕላን ለመቀጠል ከወሰኑ፣ ሜክሲኮ ሲቲ ከአንድ በላይ ኤርፖርት እንዳላት አይርሱ። በቤኒቶ ኋሬስ አርፎ ከፌሊፔ አንኸሌስ የሚነሳ ርካሽ ትኬት አይግዙ፤ ሁለተኛው ከከተማው በስተሰሜን ራቅ ያለ ነው፣ ትራፊኩም የታወቀ ነው።

3. ከሜክሲኮ ሲቲ ኤርፖርት ወደ መናኸሪያው

ወደ ጓናኋቶ የሚሄዱት አውቶቡሶች የሚነሱት ከሰሜኑ መናኸሪያ፣ ከተርሚናል ኖርቴ ነው። ታክሲ ከፈለጉ ኤርፖርቱ ውስጥ ካሉት መስኮቶች ከፍለው ትኬት ይያዙ፤ ውጭ የሚጠራዎትን ሰው አይከተሉ።

ሜትሮው 5 ፔሶ ብቻ ነው፤ መስመር መቀየርም የለበትም። ከተርሚናል 1 ወጣ ብሎ ባለው «ተርሚናል አኤሬያ» ጣቢያ በ5ኛው መስመር የ«ፖሊቴክኒኮ» አቅጣጫ ይሳፈሩና 8ኛው ፌርማታ ላይ፣ «አውቶቡሴስ ዴል ኖርቴ»፣ ይውረዱ። እያንዳንዱ ጣቢያ የራሱ ሥዕል ስላለው ስፓኒሽ ማንበብ የግድ አይደለም፦ መነሻው አውሮፕላን፣ መድረሻው የአውቶቡስ ፊት ነው። ትልቅ ሻንጣ ይዞ ግን በጠዋቱና በማታው ግፊያ መግባት አይሞከርም።

ከተማው ውስጥ ጥቂት ቀን አድረው የሚነሱ ሰዎች 3ኛው መስመር ላይ የአንበሳ ራስ የተሳለበት ጣቢያ ያገኛሉ። ስሙ «ኤቲዮፒያ» ነው፤ የኛ ሜክሲኮ አደባባይ አቻ እዚያ ነው። ከዚያ በ«ኢንዲዮስ ቬርዴስ» አቅጣጫ እስከ «ላ ራሳ» ሄደው ወደ 5ኛው መስመር ይቀይሩ። የመቀየሪያው መተላለፊያ ረጅም ስለሆነ ጊዜ ይያዙለት፤ መሃሉ ላይ ጣሪያው በከዋክብት ያሸበረቀ ጨለማ ክፍል አለ፣ መብራት የጠፋ እንዳይመስልዎ።

4. ትኬት መቁረጥ

በዚህ መስመር የታወቁት የአውቶቡስ ድርጅቶች ኢቲኤን (ETN) እና ፕሪሜራ ፕሉስ ናቸው። ኢቲኤን በአንድ ረድፍ 3 ወንበር ብቻ ስላለው ሰፊ ነው፤ ለብቻዎ ከሆኑ የነጠላውን ወገን ይምረጡ። ፕሪሜራ ፕሉስ 4 ወንበር ነው፣ ዋጋውም ይቀንሳል።

መስኮቱ ላይ «ጓናኋቶ» ብቻ ሳይሆን «ጓናኋቶ ሴንትራል» (የከተማዋ መናኸሪያ) ይበሉ። ትኬቱ ላይ ቀን ከወር ይቀድማል፤ አሜሪካ የለመደ ሰው 05/06ን ሜይ 6 ብሎ አንብቦ አንድ ወር ይሳሳታል፣ ጁን 5 ማለት ነው። ሰዓቱ በ24 ቆጠራ ነው፦ 07:00 በኛ ጠዋት 1 ሰዓት፣ 18:00 ማታ 12 ሰዓት ነው።

ቀጥታው ካለቀ ተስፋ አይቁረጡ። ወደ ጎረቤቷ ከተማ ሌዎን የሚሄደው አውቶቡስ በብዛት አለ፤ ከሌዎን ጓናኋቶ 1 ሰዓት ያህል ነው። ሌላው አማራጭ ከሜክሲኮ ሲቲ ኤርፖርት በቀጥታ በሚነሳው አውቶቡስ ኬሬታሮ የምትባል ከተማ ደርሶ እዚያ መቀየር ነው፤ ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ ከመንገላታት ያድናል።

ሻንጣ ከሥር ሲያስገቡ የሚሰጠውን ቁራጭ ወረቀት አይጣሉ፤ ያለሱ ሻንጣው አይሰጥም። ጃኬት ደግሞ እጅዎ ላይ ይቅር፣ ኤሲው ያንቀጠቅጣል።

5. የመጨረሻዎቹ ኪሎ ሜትሮች

የጓናኋቶ መናኸሪያ ከከተማዋ ወጣ ብሎ በደቡብ ምዕራብ በኩል ነው። በር ላይ «ሴንትሮ» (መሃል ከተማ) የሚል የከተማ አውቶቡስ ይቆማል፤ ዝርዝር ሳንቲም ይያዙ። ታክሲ ከሆነ ሳይገቡ ዋጋ ይቁረጡ። ሲላዎ አጠገብ ካለው ኤርፖርት ለሚመጡ ደግሞ ተርሚናሉ ውስጥ ካለው መስኮት የታክሲ ትኬት መግዛት ነው፤ ወጪ ለመቀነስ የሚፈልጉ በታክሲ ሲላዎ መናኸሪያ ድረስ ብቻ ሄደው ከዚያ አውቶቡስ ይይዛሉ።

አዲስ መጪ ግራ የሚጋባው እዚህ ነው። የከተማዋ ዋና መንገድ መሬት ውስጥ ነው። ጎርፍ እያጥለቀለቀ ያስቸገረው ወንዝ አቅጣጫው ተቀይሮ፣ አሮጌው መውረጃው የመኪና መንገድ ሆኗል። እዚያ ውስጥ ስልክዎ ያለበትን አያውቅም፤ ከላይ ያለውን ጎዳና ያሳያል ወይም ዝም ይላል። ስለዚህ ሆቴሉን አስቀድመው «በየትኛው አደባባይ በኩል ልውጣ?» ብለው ይጠይቁና ለሾፌሩ የዚያን ስም ይንገሩ፤ ለአብዛኛው መሃል ከተማ «ቴያትሮ ኋሬስ» (ቲያትር ቤቱ) ማለት ይበቃል። ፌርማታው ላይ ወርደው በደረጃ ሽቅብ ሲወጡ አደባባዩ ላይ ብቅ ይላሉ።

ብዙ ሆቴል ያለው መኪና በማይገባበት ቀጭን ዳገት ላይ ነው። ባለ ጎማ ሻንጣ ኮብልስቶንና ደረጃ ላይ ሸክም ይሆናልና የጀርባ ቦርሳ ይመረጣል። ከፍታው 2,000 ሜትር ያህል ነው፤ ከአዲስ አበባ የመጣ አይሰማውም፣ ከዱባይ የመጣ ግን የመጀመሪያውን ቀን ቀስ ይበል።

ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚካሄደው የሰርቫንቲኖ የኪነ ጥበብ ፌስቲቫል በጥቅምት አለ። ያኔ፣ እንዲሁም በካቶሊኮች ሕማማት ሳምንት፣ ሆቴልና ትኬት ከሳምንታት በፊት ካልተያዘ አይገኝም። ለመመለሻው «ሴንትራል» የሚለውን አውቶቡስ ይያዙ፤ እሁድ ከሰዓት በኋላ ወደ ሜክሲኮ ሲቲ የሚመለሰው ሰው ስለሚበዛ ትኬቱን የደረሱ ዕለት እዚያው መናኸሪያ ቢቆርጡ ይሻላል።